ከመርዶ የቀደመ ማጽናኛ

ከሚሴ ላይ አልጋ የሚያከራይ ሞልቷል፤ እንግዳ የሚቀበል ሲባል ግን መጀመሪያ የሚነሳው የሰዒዳ ስም ነበር። ቤቷ ከአዲስ አበባ ደሴ አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ ነው። አምስት ክፍል፣ ሁለት መኪና የሚያቆም ግቢ፣ በግቢው መካከል አንድ የኒም ዛፍ። ቢራ አይሸጥበትም። ሾፌሮች «እትዬ፣ ቤትሽ መስጊድ ነው እንዴ?» እያሉ ያሾፉባታል፣ አሹፈውም እዚያው ያድራሉ። አንሶላዋ ንጹህ ነው፣ ነገር አታበዛም፣ ዕቃ ጠፋ ሲባልም ተሰምቶ አያውቅም።

የተወለደችው በጨፋ ሜዳ ዳር፣ ቦርከና በክረምት ሲሞላ ሰው ከብቱን እየነዳ ወደ ላይ ከሚሸሽበት ቀበሌ ነው። ኦሮምኛው የእናቷ፣ አማርኛው የገበያው ነበር፤ እሷ ሁለቱን ሳትለይ ታወራለች። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ጅቡቲ ሲመላለስ ከርሞ እዚያው ሌላ ጎጆ ቀለሰ። ወሬው ሲደርሳት ሰዒዳ አልጮኸችም፤ ልብሱን ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከታ፣ አፉን አስራ፣ በጓደኞቹ ላከችለት። ከዚያ በኋላ መናኸሪያ በር ላይ ሻይና ሳምቡሳ እየሸጠች አንድ ልጇን አንዋርን አሳደገች። ክፍሎቹንም አንዱን ስትጨርስ ሌላውን እየጀመረች አምስት አደረሰቻቸው።

ፈረንጅ ማስተናገድ የጀመረችው በሰንበቴ ገበያ ሰበብ ነው። እሁድ አፋሩ ግመሉን፣ ደገኛው እህሉን ይዞ የሚገናኝበትን ገበያ ለማየት የሚመጡት፣ ቅዳሜ ማታ ከሚሴ ያድራሉ። መጀመሪያ ሰሞን ግራ ገብቷት ነበር። የእኛ ሰው «በቃኝ» ሲል «ለምኚኝ» ማለቱ ነው፤ ፈረንጅ «በቃኝ» ካለ በቃው። ይህን ሳታውቅ አንዱን «በአላህ፣ በሞቴ» ብላ ሦስቴ ደጋግማ አብልታው ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልስ አደረ። ደግሞ ምስጋናቸው። ውሃ ስታቀብላቸው ያመሰግኗታል፣ ፎጣ ስትሰጣቸው ያመሰግኗታል፣ በር ስትከፍትላቸው ያመሰግኗታል። ሰዒዳ ይህን ሁሉ ምስጋና ስትሰማ፣ «ሒሳቡን እየዘጋ የሚሄድ ሰው ነው፣ ተመልሶ አይመጣም» ብላ ታዝን ነበር። ጠዋት «አካም ቡልቴ? እንዴት አደራችሁ?» ስትላቸው ፈገግ ብለው ያልፋሉ፤ ቤተሰቡን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን የሚጠይቅ የለም። እሷም ውላ አድራ ለመደችው። «ክፋት አይደለም፣ አገራቸው እንዲያ ነው» ትላለች ለጎረቤቷ ለአመልማል። አመልማል የቀበሌ ጸሐፊ ሚስት ናት፤ ክርስቲያን ብትሆንም ከሰዒዳ ጋር እንደ እህት ነበሩ፤ ሥጋው ይለያይ እንጂ ሌላው ሁሉ አንድ ነበር።

አንዋር አስረኛ ክፍልን እንደጨረሰ በባቲ በኩል ወጥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ ሳውዲ ገባ። ጂዛን ውስጥ ግንባታ ላይ ይሠራ ነበር። አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ ይደውላል። አንድ አርብ ሳይደውል ቀረ። ሰዒዳ «ካርድ አልቆበት ይሆናል» አለች፤ ደግሞ እንዲያ የሚሆንበት ጊዜ ነበር።

አልቆበት አልነበረም። ረቡዕ ዕለት ሲሠራው የነበረው ግንብ ተደርምሶበት ሞቷል። ወሬው በስልክ የመጣው ለታላቅ ወንድሟ ለሙሀመድኑር ነው፤ ከመስጊዱ አጠገብ ልብስ የሚሰፋ፣ ቁጥብ ሰው ነው። ሙሀመድኑር ስልኩን ዘግቶ ሲሰፋው የነበረውን ሱሪ ጨረሰ፤ ሱቁን ከዘጋ ሰው ይጠይቀዋላ።

መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም፣ በስልክ አይነገርም፣ ሲመሽ አይነገርም። ሰውዬው ለሊቱን ብቻውን እንዳያድር ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድና ጎረቤት ከቦት፣ ሽማግሌ አፍ ከፍቶ ነው የሚነገረው። የሚጥለው ቢጥለው የሚይዘው ሰው ያስፈልጋል። ሙሀመድኑርም ለእህቱ ምንም ሳይጎድል ሊያደርገው ቆረጠ። ጂዛን ደጋግሞ ደወለ፤ እንዴት እንደሞተ፣ ማን እንዳጠበው፣ ማን እንደሰገደበት፣ የት እንደተቀበረ አንድ በአንድ ጠየቀ። እናት ይህን ትጠይቃለች፤ «አላውቅም» ከሚላት ቢሞት ይሻለዋል። ከገጠር የሚመጡት ዘመዶች እስኪደርሱ መርዶው ለእሁድ ንጋት ተቀጠረ። ከተማው ግማሹ አወቀ። ሰዒዳ ብቻ አላወቀችም።

ቅዳሜ ማታ ደግሞ እንግዳ ነበራት። ወንድማገኝ የሚባል የአዲስ አበባ ሾፌር አንዲት ጀርመናዊት ይዞ ከደሴ በኩል እየመጣ ነው። ሙሀመድኑር ከተማው መግቢያ ላይ ጠብቆ አስቆመው፣ ወደ ጎን ጠርቶ ነገሩን አጫወተው።

«እንግዲያው ሌላ ቦታ እናድራለን» አለ ወንድማገኝ።

«አይሆንም። ስትጠብቃችሁ ነው የዋለችው። ከቀራችሁ ትጠራጠራለች። ግቡ፣ እንደ ልማዳችሁ እደሩ። መኪናህን ብቻ ውጭ አቁመው፤ ጠዋት ግቢው ለሰው ይፈለጋል።»

ወንድማገኝ መኪናው ውስጥ ገብቶ ለእንግዳዋ በእንግሊዝኛ አስረዳ። የምናድርበት ቤት ባለቤት ልጇ ሞቷል፤ ስለዚህ ዛሬ ራት ቶሎ በልተን እንተኛለን አላት። እናትየው እንዳላወቀች አልነገራትም። መደበቁ አይደለም፤ ይኼ የሚነገር ነገር ነው ብሎ አላሰበም። መርዶ ያልደረሰው ሰው ፊት ስለ ሟች እንደማይወራ ማን ያጣዋል? በአገሩ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል።

ኡርሱላ፣ እንግዳዋ፣ ስልሳ ዓመት የሚጠጋት ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነበረች። ወደ ኢትዮጵያ ከመምጣቷ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ አማርኛ ተምራለች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ እንዲያውም ጨዋ የሚሏት ዓይነት ናት። በአገሯ ደግሞ ልጁ የሞተበት ሰው ቤት ገብቶ ምንም ሳይሉ መተኛት ነውር ነው። ዐይኑን አይቶ፣ እጁን ይዞ፣ በግልጽ ቃል ማዘንን መናገር ነው ወጉ። መኪናው ውስጥ ሆና የምትለውን በልቧ ስታጠና መጣች።

ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ የአንዋር ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ከመሄዱ በፊት ባቲ ላይ፣ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ የተነሳው። ኡርሱላ እሱ ፊት ቆማ ሳለ ሰዒዳ የትራስ ልብስ በክንዷ አቅፋ መጣች።

«በጋ ነጋን ዱፍቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ» አለቻትና ፎቶውን ስታይ አይታ ፈገግ አለች። «ልጄ ነው። ሳውዲ ነው ያለው።»

ኡርሱላ ባዶ የሆነውን እጇን ያዘቻት። ዐይን ዐይኗን እያየች፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየለየች፣ «ወንድማገኝ ነገረኝ» አለች። «ልጅሽ ሞተ። በጣም አዝናለሁ። እኔም እናት ነኝ።»

አማርኛዋ ጥርት ያለ ነበር። ምናለ ትንሽ ቢበላሽ ኖሮ ብላ ሰዒዳ በኋላ ብዙ ጊዜ አስባለች።

ያን ጊዜ ግን ምንም አላሰበችም። የሆነ ነገር ውስጧ ተዘጋ፣ ድምፅም አልነበረውም። ፈረንጆቹ ሲያደርጉት እንዳየችው፣ «አመሰግናለሁ» አለች። ከዚያ ክፍል ሦስት ገብታ ትራሶቹን አለበሰች። አንደኛው ጥግ አልገባ ብሏት አውጥታ እንደገና አስገባችው። አንሶላውን በመዳፏ አስተካከለች። በሩን ዘግታ ስትወጣ ኡርሱላ አሁንም ኮሪደሩ ላይ ቆማ በሐዘኔታ ፈገግ አለችላት፤ እሷም መልሳ ፈገግ አለች።

ወጥ ቤት ገብታ ቁጭ አለች። «ውሸት ነው» የሚል ሐሳብ አልመጣላትም። ስልክ አለመደወሉ፣ ሙሀመድኑር በቀደም ለት ዐይኗን ሳያይ ማለፉ፣ አመልማል ያለወትሮዋ «ልብስሽን ልጠብልሽ» ማለቷ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ልጇ ሞቷል። ይህን ለራሷ ስትለው ስለ ሌላ ሴት ልጅ የምታወራ ይመስላት ነበር። ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች።

መግሪብ ላይ ሙሀመድኑር መጣ። ከወትሮው በላይ ያወራል፣ በማያስቅ ነገር ይስቃል። ቀጥሎ አመልማል በሳህን ፓስታና ሰላጣ፣ በፔርሙስ ሾርባ ይዛ ገባች። «ዛሬ ብቻዬን መብላት አስጠላኝ፣ እትዬ ሰዒዳ» አለች። ሰዒዳ ይህን ታውቀዋለች፤ እሷ ራሷ ስንቱን አብልታለች። ነገ መርዶ የሚነገረው ሰው ዛሬ ማታ ጠግቦ እንዲያድር ይደረጋል፤ ከነገ ጀምሮ እህል በአፉ አይዞርምና።

«ብዪ እንጂ፣ አልበላሽም» አለች አመልማል።

«እየበላሁ ነው።»

«በሞቴ፣ ይቺን።»

በላች። ወንድሟ ሲያያት ሌላም ጨመረች። ጨው ይነሰው ይብዛ አልታወቃትም፤ ሳህኑን ግን ባዶ አደረገችው። ሙሀመድኑር ባዶውን ሳህን ሲያይ ትከሻው ዝቅ ሲል አየችና፣ በዚያች ቅጽበት እንደማትነግራቸው ወሰነች። ምን ልትል? «አስቀድማችሁ የደከማችሁበትን አንዲት መንገደኛ ኮሪደር ላይ ነገረችኝ» ልትል ነው? ወንድሟ ቀና ብሎ መሄድ አይችልም። ወንድማገኝንም ከዚያ ወዲያ ከሚሴ ላይ አልጋ የሚሰጠው የለም። ሴትየዋስ? እንግዳ ናት፤ እንግዳ ደግሞ የአላህ ነው። እውነቱን ለመናገር ሌላም ምክንያት ነበራት። ጠዋት በወጉ ሲነግሯት የሚመጣው ነገር ይመጣል ብላ ነበር። ሁሉም ከብቧት የመስጊዱ ሸህ አፍ ሲከፍቱ ይኼ የተዘጋው ይከፈታል፣ እንደ ሰው ታለቅሳለች። እሱን ነበር ለሊቱን ሙሉ ጣራ ጣራ እያየች የጠበቀችው።

ጎህ ሲቀድ መጡ። በሩን ራሷ ከፈተች። ሸህ አብዱልጀሊል ከፊት፣ ሙሀመድኑር ከኋላቸው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ከጎንና ከጎን። ከጨፋ አክስቷ ሳይቀሩ መጥተዋል። ሸሁ ቁጭ አድርገዋት ከሩቅ ጀመሩ።

«ሰዒዳ፣ አደራ ያኖረ ሰው አደራውን ቢወስድ ይከፋል ወይ?»

«አይከፋም፣ ሸሆቹ።»

«አላህ አንዋርን አደራ ሰጥቶሽ ነበር። ወስዶታል። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ረቢ ሰብሪ ሲፍ ሃ ኬኑ፣ አላህ ትዕግሥቱን ይስጥሽ፣ ልጄ።»

እንዴት አድርገው ነገሩት! ሰዒዳ የታዘበችው ይህን ነበር። ድምፃቸው የዋህ፣ ቃላቸው የተመጠነ፤ ሌላ ሴት ብትሆን ይህ ንግግር አቅፎ ይይዛት ነበር። ግራና ቀኝ ያሉት ሴቶች እጃቸውን ዘርግተው ስትወድቅ ሊይዟት ይጠብቃሉ። ሰዒዳም ትጠብቃለች። ምንም አልመጣም። አንድ ሰው አንድ ነገር ማለት ነበረበት።

«እሺ» አለች። ቀጥላም፣ «ቆማችሁ ቀራችሁ፣ ተቀመጡ» አለች።

አመልማል ናት ጮሃ የወደቀችው። ሊይዙ የተዘረጉት እጆች እሷን ያዙ። ሴቶቹ ሰዒዳ ደንግጣ ነው ብለው ፊቷ ላይ ውሃ ረጩ፤ ውሃው በአገጯ ወርዶ ደረቷን አራሰው። ሙሀመድኑር ፊት ለፊቷ ተቀምጦ፣ «እንዴት ሞተ? ማን አጠበው?» እስክትለው ጠበቀ። አልጠየቀችውም። ያዘጋጀው ሁሉ አፉ ውስጥ እንደቀረ ከዐይኑ ታየ።

ውጭ መኪናው ጋ ሌላ ነገር ነበር። ወንድማገኝ በኋላ እንደነገራት፣ ኡርሱላ ለቅሶውን ሰምታ፣ «ዛሬ ደግሞ ምን ሆኑ? እኔ ትናንት ነግሬያት አመሰገነችኝ እኮ» ትለዋለች። ወንድማገኝ ራሱን ይዞ መኪናው ጎማ ሥር ተቀመጠ።

«ነገርኩሽ እንጂ ንገሪ አልኩሽ?»

«እያወቅኩ ዝም ልበል እንዴ?» አለችው፤ ከልቧ ነበር።

ነገሩ ሲገባት ኡርሱላ ፊቷ እንደ አመድ ሆነ። በአገሯ ያጠፋ ሰው ጥፋቱን ለተበደለው በአፉ ይናገራል። ወንድማገኝ እጇን ይዞ ቢለምናት አልሰማችውም፤ ግቢ ገባች። ምንጣፍ ላይ በተቀመጡት ሴቶች መካከል አልፋ ሰዒዳ ፊት ቆመች። ሸሁ አሉ፣ ሙሀመድኑር አለ።

«ትናንት እኔ...» ብላ ጀመረች።

ሰዒዳ ተነሥታ አቀፈቻት። አፏን ትከሻዋ ላይ አፈነችው። ጆሮዋ ስር፣ «ዝም በዪ። አፉ ብያለሁ፣ ይቅር ብያለሁ፤ ዝም በዪ» አለቻት። ኡርሱላ ድምፅ አውጥታ ማልቀስ ጀመረች። ሴቶቹም «አይ የሰው ልጅ! ባዕድ እንኳ አለቀሰች» ብለው አብረው አነቡ። ሰዒዳ ጀርባዋን መታ መታ እያደረገች፣ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ትላት ነበር። በራሷ ልጅ ለቅሶ ላይ አጽናኟ እሷ ሆነች።

ኡርሱላ ሄደች። ለቅሶው አለፈ፣ ሰደቃው ወጣ። ሰዒዳ ግን አላለቀሰችም፤ በሳምንቱም፣ በዓመቱም። ወሬ ደግሞ ባዶ ቤት አይወድም። ግማሹ «ልቧ ድንጋይ ነው» አለ። ሌላው «ኢማኗ ነው የያዛት» አለ፣ እየቆየም ያሸነፈው ይኼኛው ነው። ሸህ አብዱልጀሊል ሳይቀሩ ሐዘንተኛ ሲያጽናኑ «ሰዒዳን አታዩም?» እያሉ ይጠቅሷት ጀመር። ልጅ የሞተባቸው ሴቶች እየመጡ እንዴት እንደቻለችው ይጠይቋታል። ምን ብላ ትመልስላቸው? «አላህ ያውቃል» ትላለች። ሳትሠራ የተመሰገነችበት ብቸኛ ነገር ይኼ ነው። አንሶላ ታጥባለች፣ በር ትከፍታለች፣ «በጋ ነጋን ዱፍቴ» ትላለች። አርብ ከጁምዓ በኋላ ስልኳን ቻርጅ ላይ ትሰካለች፤ ለምን እንደሆነ አታውቀውም። ስለ አንዋር ማንንም ምንም አልጠየቀችም።

ጥቂት ዓመታት እንዲህ አለፉ። አንድ ቀን ከሰዓት ሙሀመድኑር ሱቅ የምታሳጥረውን መጋረጃ ይዛ ሄደች። ዐይኑ ደክሟል፣ መርፌ ክር የሚያስገባለት እሷ ናት። ክሩን እያስገባች ሳለ አንድ ሰው ሱቁ በር ላይ ቆሞ፣ ለነገ ንጋት መርዶ አለ፣ አንተ ብትነግርልን አለው። ሙሀመድኑር እንቢ አለ። ሰውዬው ሲሄድ ሰዒዳ፣ «አያ፣ ለምን?» አለችው።

«እኔ መርዶ አላውቅበትም።»

«ማን እንዲህ አለህ?»

መጋረጃውን አገላበጠ። «አንቺ ነሻ» አለ። «ያን ጠዋት እንባ ከዐይንሽ አልወጣም። ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ሸሁን ማስቀደሜ ይሆን? ሰው ማብዛቴ ይሆን? እኔ ነኝ ያበላሸሁብሽ። አፉ በዪኝ።»

ሰዒዳ መርፌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ስንት ዓመት ሙሉ እሱን ላለማሳፈር ብላ የዋጠችው ነገር፣ ለካ እሱን ነው ሲበላው የኖረው። ከዚህ በላይ ምን ትጠብቅ?

«አላበላሸህብኝም፣ አያ። ቀድሜ ሰምቼ ነው።»

«ከማን?»

«ክፍል ሦስት አድራ ከነበረችው ፈረንጅ። ማታውኑ። መስሏት ነው፣ የማውቅ መስሏት።»

ሙሀመድኑር አልተቆጣም። «ታዲያ ያን ሁሉ ራት...»

«እንድበላ ፈልጋችሁ ነበራ።»

ሽማግሌው ፊቱን በመጋረጃው ሸፈነ። ሰዒዳ ወንድሟ ሲያለቅስ እያየች፣ ደረቷ ላይ አንድ ነገር ሲላወስ ተሰማት፤ ያማል፣ እንደ ደነዘዘ እግር ደም ሲገባው ነው። አፏን ከፈተች፣ ድምጿ የራሷ አልመስል አላት።

«አያ፣ ማን አጠበው?»

ሙሀመድኑር ቀና አለ። ለማስታወስ አላሰበም፤ መልሱ ከዚያ ጠዋት ጀምሮ አፉ ላይ ነበር።

«ሙህዲን የሚባል የባቲ ልጅ ነው። አንድ ክፍል አብረው ነበር የሚያድሩት። ለብ ባለ ውሃ አጠብኩት አለኝ። ሰውነቱ እንጂ ፊቱ ምንም አልሆነም። ፀጉሩ ረዝሞ ነበር፤ አበጥሬለታለሁ አለ።»

«አይቆረጥም» አለች ሰዒዳ። «ስንቴ ተቆጥቼዋለሁ፤ አይ...» ሳትጨርሰው እንባዋ ወረደ። ሙሀመድኑር ተነሥቶ የሱቁን በር ገርበብ አደረገው። ተመልሶ አጠገቧ ተቀመጠ።

ሰዒዳ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሳትጠርግ እጁን ያዘችው።

«ቀጥል» አለችው። «ማን ሰገደበት?»